«ማብራሪያ ተሰጥቷል» ከሚለው ቃለ ጉባኤ እንዴት እንውጣ? መንገድ፣ ውሃ፣ ባቡር የምታቅዱ ሁሉ ግቡ

የዲዛይን ሰው · ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። በመንገድ ዲዛይን ላይ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁሉንም በአማካሪ ድርጅቶች ውስጥ። ዛሬ የምጽፈው ከሆዴ አልወጣ ያለ ነገር ስላለ ነው።

ከጠጠር ወደ አስፋልት የሚያድግ መንገድ ነበር፤ ደቡብ ጎንደር ውስጥ። «የሕዝብ ምክክር» ተብሎ ወደ አንድ ቀበሌ ሄድን። ሰዉ በገበሬ ማሰልጠኛ ጣቢያው ግቢ፣ ግራር ሥር ተሰበሰበ። እኔ ትልቁን ካርታ በመኪናው ጎን ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። መስመሩ፣ ድልድዩ፣ የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦው ሁሉ በቀለም ተሠርቶ አልቋል። አንድ አባት ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው በዱላቸው ካርታዬን ሳይሆን ተራራውን አመለከቱ። «ልጄ፣ አንተ ቱቦ ባደረግህበት ውሃ የሚወርደው በሰኔ ነው። ነሐሴ ላይ መሬቱ ሲጠግብ ግን ያንን ሸንተረር ሰብሮ በእኛ ማሳ በኩል ነው የሚመጣው» አሉ።

እኔም የዝናብ መረጃችን ከሜትዎሮሎጂ ጣቢያ እንደተወሰደ፣ ስሌቱ በ50 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍን እንደሚችል በትህትና አስረዳሁ። አመስግነው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «የውሃ ማፋሰሻን በተመለከተ ጥያቄ ተነስቶ በባለሙያ ማብራሪያ ተሰጥቷል። ኅብረተሰቡም ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ ደግፏል።» ከሥሩ 62 ፊርማ አለ፤ ግማሹ የጣት አሻራ ነው።

መንገዱ ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ውሃው ከቱቦው 80 ሜትር ያህል ርቆ የመንገዱን የአፈር ሙሌት ቆረጠው። ከመንገዱ በታች ያለው የጤፍ ማሳ አሸዋና ድንጋይ ለበሰ። ለምርመራ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። እኚያን አባት አገኘኋቸው። አልተቆጡም። «ያን ጊዜ ስነግርህ ጽፈኸው ነበር እኮ» ብቻ አሉኝ።

እውነት ነው፤ ጽፌው ነበር። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ጽሑፉ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። የማፋሰሻ ንድፉን የሠራው ሰው ቃለ ጉባኤውን አላየውም፤ ቃለ ጉባኤው የአካባቢና ማኅበራዊ ጥናቱ ዓባሪ ሆኖ ታሰረ፤ የዲዛይን ክፍያችን ደግሞ ቀድሞ ጸድቆ ነበር።

አሁን ሕዝብን ማማከር በየፕሮጀክቱ እየጨመረ ነው። አበዳሪዎች ይጠይቃሉ፣ ሕጉ ይጠይቃል፣ ከሁሉም በላይ ሰዉ ራሱ ይጠይቃል። በእኛ በኩል የጨመረው ግን ስብሰባና ቅጽ ነው። የምሠራበት ቤት አሠራሩን እንዲለውጥ ሐሳብ አቅርብ ተብያለሁ። እናንተ ባላችሁበት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ምን ለወጠ? «ተሳትፎ ጥሩ ነው» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሠራና ያልሠራ ነገር ንገሩኝ።

---

ሳይት ኢንጂነር · ሰኞ ማታ 3:52

ወንድሜ፣ ስለ ጎርፉ የጻፍከው ልብ ይነካል፤ እውነትህን ነው። ግን ሌላውንም ጎን ላንሳ፤ እኔ በተቋራጭ በኩል ነኝ።

የወሰን ማስከበር፣ ማለትም መንገዱ የሚያልፍበትን መሬት የማስለቀቅ ችግር ምን እንደሚያደርገን ታውቃለህ። ማሽን ቆሞ፣ ኦፕሬተር ደሞዝ እየበላ፣ አንድ የባሕር ዛፍ መደብና ሁለት አጥር እስኪነሳ አራት ወር ጠብቄአለሁ። ምክክሩ ቶሎ ሲጀመር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መንገዱ በየት እንደሚያልፍ በተሰማ በሳምንቱ መስመሩ ላይ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ የጨረቃ ቤት ይቆማል። ሁሉም መንገዱን ይፈልገዋል፤ ግን በጎረቤቱ ማሳ በኩል እንዲያልፍ ነው የሚፈልገው። አንድ ጊዜ በአንድ ኩርባ ምክንያት ሁለት ቀበሌዎች ሊጣሉ ደርሰው የአገር ሽማግሌ ነው ያስታረቃቸው።

ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ላይ ይወስን ካልን መንገድ አይሠራም። ይኼን ለመቃወም ሳይሆን፣ መልስ ካላችሁ ለመስማት ነው የጻፍኩት።

---

ሶሻሎጂስቷ · ሰኞ ማታ 4:30

ሳይት ኢንጂነር፣ ያነሳኸው ጭንቀት የእውነት ነው። ለዚያ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ የቆጠራ ማብቂያ ቀን ይባላል። መስመሩ ሲታወቅ በፍጥነት ቤቱም ዛፉም ሰዉም ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ «ከዚህ ቀን በኋላ የተተከለና የተሠራ አይካስም» ተብሎ በቀበሌው ፊት ይታወጃል። የዓለም ባንክ የመልሶ ማስፈር ደንብ ይኼን ይዟል። የሚበላሸው ምክክሩ ቶሎ ስለተጀመረ አይደለም፤ በምክክሩና በቆጠራው መካከል ስምንት ወር ስለሚባክን ነው። ያ ደግሞ የእኛ የመሥሪያ ቤቶቹ ጥፋት ነው።

የዲዛይን ሰው፣ አንተ ያልከው «የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም» ሌሊቱን አያስተኛኝም፤ እኔ ያንን ዓባሪ ጽሑፍ የምጽፈው ሰው ነኝና። ከውስጥ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። የአማካሪው ክፍያ በሪፖርት ነው የሚከፋፈለው፤ መነሻ ሪፖርት፣ ረቂቅ ዲዛይን፣ የመጨረሻ ዲዛይን፣ የጨረታ ሰነድ። ምክክሩ የራሱ የክፍያ ምዕራፍ የለውም። ስለዚህ ማኅበራዊ ባለሙያ የሚቀጠረው በመጨረሻ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ እኔ ብቻዬን፣ ከአንድ ሹፌር ጋር፣ በአሥር ቀን ስምንት ቀበሌ ጨርሼ አውቃለሁ። አንዳንዱ ቀበሌ ላይ ሁለት ሰዓት ነው የቆየሁት። በአሥር ቀን የሰበሰብኩትን ለዲዛይን ቡድኑ ሳቀርብ «መስመሩ ተቆልፏል» ተባልኩ።

ስለዚህ «ምን ይለወጥ» ላልከው የመጀመሪያ መልሴ፦ የሥራ ዝርዝሩ ይለወጥ። ሁለት ሦስት አማራጭ መስመር ገና በእርሳስ እያለ የመጀመሪያው ምክክር ይደረግ። የረቂቅ ዲዛይን ክፍያ የሚለቀቀው ሕዝብ ያነሳው እያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደሆነ ከታየ በኋላ ይሁን። ገንዘቡ የታሰረበት ቦታ ላይ ትኩረቱ ይታሰራል።

ሌላ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ችሎታው አገር ውስጥ አለ። የተፋሰስ ልማት የሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች መሬት ላይ በአመድ፣ በድንጋይና በቅጠል የቀበሌውን ካርታ ከገበሬው ጋር ይሥላሉ። ውሃው በየት ይወርዳል፣ የቱ ቦረቦር ዘንድሮ ሰፋ፣ የቱ ምንጭ ደረቀ፤ ሁሉም እዚያ ላይ ይወጣል። ያ ካርታ የሚቀመጠው በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የመንገድ ዲዛይነር ሄዶ ሲጠይቅ አላየሁም። እኔም ራሴ የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

---

አዲስ ተመራቂ · ማክሰኞ ጠዋት 1:15

እህቴ፣ በአመድ የሚሣለውን ካርታ ዩኒቨርሲቲ ተምረነዋል፤ ሥራ ላይ ግን እስካሁን አላየሁትም። የከተማ ፕላን ነው ያጠናሁት። በቴሌግራም አስተያየት ብንሰበስብስ? የሰፈር ቻናሎች ላይ እኮ ሰዉ ስለ መንገዱና ስለ ውሃው ቀን ከሌት ያወራል።

---

ሶሻሎጂስቷ · ማክሰኞ ጠዋት 1:40

ለከተማ ወጣት ይሠራል። ግን ስማርት ስልክ የሌላት የጉልት ነጋዴ ድምፅ እንዳይጠፋ፤ የመንገዱ ዳር የእሷ ነው። ጨምርበት እንጂ አትተካበት።

---

ከወንዙ ዳር · ማክሰኞ ቀን 7:20

ሰላም ወገኖቼ። ሆላንድ፣ ናይሜኸን ከተማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። የዲዛይን ሰው የጠየቀው «መሥሪያ ቤቱ ራሱ ምን ለወጠ» ስለሆነ የዚህን አገር ረጅም ታሪክ ላካፍላችሁ። እዚህም በአንድ ቀን አልመጣም።

እዚህ አገር የመንገዱንም የውሃውንም ትልልቅ ሥራ የሚይዘው ራይክስዋተርስታት የሚባለው ጥንታዊ መሥሪያ ቤት ነው። ለብዙ ዘመን የመሐንዲስ ቤት ነበር፤ ስሌቱ ልክ ከሆነ ይሠራል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1953 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከባሕር የመጣው ጎርፍ ከ1,800 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ አብዛኞቹን የባሕር ወሽመጦች በግድብ ለመዝጋት ታቀደ። ኦስተርስኬልደ የሚባለው ወሽመጥ ላይ ሲደርሱ ግን ዓሣ አጥማጆቹ፣ የባሕር ዛጎል (ኦይስተርና መስል) አርቢዎቹና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎቹ «ይኼ ውሃ ጨዋማነቱን ካጣ እንጀራችን ይሞታል» ብለው ተነሱ። ክርክሩ እስከ ፓርላማ ደረሰ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዕቅዱ ተለወጠ። ድፍን ግድቡ ቀርቶ 62 ትልልቅ የብረት መዝጊያዎች ያሉት፣ በደህና ቀን ክፍት የሚሆን፣ ማዕበል ሲመጣ የሚዘጋ ተሠራ። በ1986 ተመረቀ። ዋጋው በጣም ናረ። ግን ዓሣውም፣ ሰዉም፣ ደኅንነቱም ተረፈ። በዚያ ዘመን ነው መሐንዲሶች ብቻ በነበሩበት ቤት የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ጠረጴዛ ያገኙት። መሥሪያ ቤት መለወጡ የሚታወቀው ማንን እንደቀጠረና የት እንዳስቀመጠው ሲታይ ነው ብዬ የማምነው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ሁለተኛው ለእናንተ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። በ1993 እና በ1995 ወንዞቹ ሞልተው ነበር። በ1995 ወደ 250 ሺህ ሰው ከቤቱ ወጣ። ከዚያ በፊት መልሱ ሁልጊዜ «ክትሩን (ወንዙን ዳር ለዳር የሚይዘውን የአፈር ግድብ) ከፍ አድርገው» ነበር። ከዚያ በኋላ ግን «ለወንዙ ቦታ» የሚል ፕሮግራም መጣ፤ ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ እንስጠው የሚል። ከ30 በላይ ቦታ፣ ወደ 2.3 ቢሊዮን ዩሮ። ራይን ወንዝ ወደ አገሩ ሲገባ በሴኮንድ 16 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ በደህና እንዲያልፍ፤ ቀድሞ 15 ሺህ ነበር።

አሠራሩ ላይ የተለወጠውን ልብ በሉ። ማዕከሉ ላይ አንድ የፕሮግራም ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ያ ጽሕፈት ቤት የሚይዘው ሁለት ነገር ነው፤ በየቦታው የውሃው ከፍታ ስንት ሳንቲሜትር መውረድ እንዳለበትና ገንዘቡ ስንት እንደሆነ። እንዴት እንደሚወርድ የሚያቅዱት ግን ማዘጋጃ ቤቱ፣ የክልሉ መንግሥትና የአካባቢው የውሃ ቦርድ ናቸው። ነዋሪው የተሻለ ሐሳብ ካመጣ፣ ያው ሳንቲሜትር ከወረደና ገንዘቡ ካልበለጠ፣ የመንግሥቱ ዕቅድ ተነስቶ የእሱ ሊገባ ይችላል። ይኼ በጽሑፍ የተቀመጠ አሠራር ነበር።

ኦቨርዲፕሰ ፖልደር የሚባል፣ በክትር የተከበበ ዝቅተኛ የገበሬዎች ሜዳ አለ። ሜዳቸው ለጎርፍ ማስተኛ መታሰቡን በ2000 አካባቢ ሲሰሙ ጠበቃ ከመቅጠር ይልቅ ተሰባስበው የራሳቸውን ንድፍ አመጡ። «ሜዳውን ለወንዙ እንስጥ፤ እኛ ግን በክትሩ ጥግ ስድስት ሜትር ያህል ከፍ ያሉ የአፈር ኮረብታዎች ሠርታችሁ ቤታችንንም በረታችንንም እዚያ ላይ አውጡልን» አሉ። ያ ነው የተሠራው። ስምንት ኮረብታ ላይ ስምንት የከብት እርባታ አለ። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ላሞቹ ከፍታው ላይ ሆነው ታች ያለውን ሣር ያያሉ።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልናገር። ከእነዚያ ገበሬዎች ግማሽ የሚሆኑት ቦታ ስላልበቃ ሌላ ቦታ ሄደዋል። እኔ በምኖርባት ናይሜኸን ክትሩ 350 ሜትር ወደ ውስጥ ሲገፋ ከወንዙ ማዶ ያለችው ሌንት ውስጥ 50 ያህል ቤት ፈርሷል። ማዘጋጃ ቤቱም መጀመሪያ ተቃውሞ ነበር። ወንዙ ቦታ ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለው ለድርድር አልቀረበም፤ የቀረበው እንዴት የሚለው ነው። ሳይት ኢንጂነር፣ «ሁሉም በሁሉም ላይ ይወስን ካልን አይሠራም» ላልከው መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። የማይለወጠውን በመጀመሪያው ቀን ተናገር፣ የሚለወጠውን ደግሞ የእውነት ክፍት አድርገው።

---

ሳይት ኢንጂነር · ማክሰኞ ማታ 2:05

ይኼ ያሳምነኛል። ሳንቲሜትሩንና ገንዘቡን ይዞ መንገዱን መልቀቅ። እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኩርባውን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ይዘን፣ ግቡ ምን እንደሆነ ለሰዉ አንነግርም።

ግን ወንድሜ፣ ያ አገር ገንዘብና ጊዜ አለው። ያ ሁሉ ውይይት ስንት ዓመት ወሰደ?

---

ከወንዙ ዳር · ማክሰኞ ማታ 2:40

እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ፓርላማው አጸደቀው፤ የኦቨርዲፕሰው ሥራ በ2015 አለቀ። ረጅም ነው። ግን ከ2000 ጀምሮ የተነጋገሩ ስለነበሩ ማሽኑ ሲገባ የቆመው ጥቂት ነው። አንተ አራት ወር የጠበቅከው ማሽኑ ከገባ በኋላ ነው፤ ያ ነው ውዱ ጊዜ።

---

ከሽቱትጋርት · ረቡዕ ጠዋት 3:00

ይኼን ክር ወዳጄ ላከልኝ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ ጀርመን ሽቱትጋርት። ግን ዘግይቶ የተደረገ ምክክር ምን እንደሚያመጣ በዓይኔ አይቻለሁና ልናገር።

የከተማችንን ባቡር ጣቢያ ከመሬት በታች የማውረድ ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ይፋ የሆነው። ሥራው የተጀመረው በ2010 መጀመሪያ። በመካከሉ ሕጉ የሚለው ሁሉ ተደርጓል፤ ሰነድ ለእይታ ተቀምጧል፣ ተቃውሞ በጽሑፍ ተቀብለዋል፣ ፍርድ ቤት ደርሷል። ወረቀቱ ሙሉ ነበር። ሰዉ ግን የተጠየቀው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ስለነበር የገባው ዛፎቹ መቆረጥ ሲጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2010 በፓርኩ ውስጥ ፖሊስ በኃይለኛ ግፊት ውሃ ረጨ፤ ከመቶ በላይ ሰው ተጎዳ፤ አንድ አዛውንት የዓይናቸውን ብርሃን ሊያጡ ምንም አልቀራቸውም። ያን ቀን የአውቶቡስ መስመሬ ተቀይሮ ነበር። ከመስኮቱ ያየኋቸው የትምህርት ቤት ልጆችና አያቶች ናቸው፤ ረብሸኛ የሚባሉ ሰዎች አይደሉም።

ከዚያ በኋላ ሃይነር ጋይስለር የሚባሉ አንጋፋ ፖለቲከኛ ሸምጋይ ሆኑ። ደጋፊና ተቃዋሚ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ክርክሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። የባቡር ድርጅቱ መሐንዲሶች ስሌታቸውን ለሕዝብ ሲያብራሩ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ! እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 የክልሉ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ 58.9 በመቶው «ፕሮጀክቱ ይቀጥል» አለ። ይኼን ሁሌ አነሳዋለሁ፤ «ሕዝብ ከተጠየቀ እምቢ ይላል» ብለው ለሚፈሩ። ሕዝቡ የጠላው መናቁን ነው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠም አለ። በ2013 በፌደራል የአስተዳደር ሕጉ ላይ ትልቅ ፕሮጀክት የሚያቅድ ድርጅት የፈቃድ ማመልከቻ ሳያስገባ ገና ለሕዝቡ እንዲያሳውቅና ሐሳብ እንዲሰበስብ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት እንዲገፋፋው የሚል አንቀጽ ገባ። በ2015 ደግሞ የጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር ራሱ ሕዝብን ከመጀመሪያው ስለማሳተፍ መመሪያ አወጣ፤ ቁጥሩ 7000 ነው። መሐንዲሶች ለመሐንዲሶች ስለጻፉት ወድጄዋለሁ። ጣቢያው ግን እስካሁን ጣጣው አላለቀም፤ ወጪውም ከ11 ቢሊዮን ዩሮ አልፏል።

---

የድሮ ሰፈር · ረቡዕ ማታ 1:30

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ተነሺ ነኝ። ልጄ ነው እያነበበልኝ ያስጻፈኝ። አንድ ሰፊ መንገድ በሰፈራችን ስለሚያልፍ ተነሱ ተባልን።

ስብሰባው ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። የተነገረን ሰኞ ማታ በመኪና ድምፅ ማጉያ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እኔ ጉልት ላይ ነኝ፤ ባልሸጥ የልጆቼ ቁርስ የለም። ስለዚህ ሴቶቹ አልሄድንም። የሄዱት ጡረተኞችና ሥራ የፈቱ ናቸው። በሁለተኛው ስብሰባ ግን ሄድኩ። ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ የምንሄድበት ቦታ አውቶቡስ ያቆማል ወይ? ውሃው ገብቷል ወይ? የእድራችን ሰዎች አንድ ላይ ነው የምንመደበው ወይስ እንበተናለን? የመጡት ሰውዬ ጥሩ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። ግን ለሦስቱም የመለሱልኝ አንድ ነገር ነው፤ «እሱን ለበላይ አካል አቀርባለሁ»።

ተበተንን። አርባ ዓመት የቆየ እድር፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ አንድ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ እናት ስትሞት ለቅሶ የደረስነው ሁለት ታክሲ ቀይረን ነው። መንገዱ አያስፈልግም አልልም፤ ያስፈልጋል። ቤት አልሰጡንም ብዬም አላማርርም። የሚያስለቅሰኝ መልስ የሚሰጥ ሰው ያልተላከልን መሆኑ ነው። ልጆቼ፣ ሰው ስትልኩ መወሰን የሚችል ሰው ላኩ። ካልቻላችሁ ደግሞ እድሩን ጠይቁ፤ ማን ከማን ጋር መኖር እንዳለበት መዝገቡ እድሩ ጋ አለ።

---

የዲዛይን ሰው · ረቡዕ ማታ 1:58

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይኼ ከሁሉም በላይ ገብቶኛል። እኔ ግራሩ ሥር የቆምኩት ቀን ቱቦውን 80 ሜትር ለማዛወር ሥልጣን ቢኖረኝ ኖሮ፣ የሰማሁትን ሌላ ዓይነት አድርጌ እሰማው ነበር። መወሰን የማይችል ሰው ሲላክ ማስረዳት ብቻ ነው የሚቀረው።

---

ጠበቃዋ · ሐሙስ ቀን 6:45

ከሕጉ ወገን ትንሽ ልጨምር፤ የእናታችንን ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 92ም አካባቢን በሚመለከት ተመሳሳይ መብት ይሰጣል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝብ ተሳትፎን የሚመለከት አንቀጽ አለው። ስለዚህ ሕግ የለም አይባልም።

የካሳና የመልሶ ማቋቋም አዋጁን፣ ቁጥር 1161/2011ን፣ ግን በጥንቃቄ አንብቡት። ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ይመከራሉ ይላል፤ ጥሩ ነው። የሚመከሩት በምን ላይ ነው? በፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት ላይ። «የት ይለፍ» እና «ሌላ አማራጭ አለ ወይ» የሚለው ውስጡ የለም። መሥሪያ ቤቶቻችን «ምክክር» ብለው «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ወደዚያ ያዘነብላል። ግን ከዚያ በላይ ማድረግን የሚከለክልም የለም። የዲዛይን ሰው፣ ለአለቆችህ ይኼን ንገራቸው፤ አማራጭ መስመር ይዞ ሕዝብ ፊት መቅረብ የሚከለክል አንቀጽ አላገኘሁም።

ቅሬታን በተመለከተ፦ ውሳኔ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማቅረብ ይችላል፤ ከዚያ ይግባኝ አለ። ወደ እኔ የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ማንም አልነገራቸውም። ከስብሰባው ጋር አብሮ የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል «ካልተስማማህ ወዴት፣ እስከ መቼ» የሚል ቢኖር ብዙ ቤት ይተርፍ ነበር።

---

ሳይት ኢንጂነር · ሐሙስ ማታ 2:20

ጠበቃዋ፣ ያንን ወረቀት እኛም እንፈልገዋለን። ቅሬታው ጽሕፈት ቤት ካልሄደ መጥቶ ዶዘሬ ፊት ነው የሚቆመው። ፊቱ ላይ ከቆመ በኋላ እኔ ምን ልበለው? በሚቀጥለው ሳይቴ ላይ የቅሬታ መዝገብ በር ላይ ባለው የጥበቃ ቤት አስቀምጣለሁ፤ ካምፑ ውስጥ ያለ ቢሮ ድረስ ገበሬ አይገባም፣ ጥበቃው ይመልሰዋል።

---

የዲዛይን ሰው · ዓርብ ማታ 3:05

አንብቤ ጨረስኩ፤ ዛሬ ከቢሮው ሰዎች ጋር ተቀምጬም ነበር። የተስማማንባቸውን ልንገራችሁ፤ ያልተስማማንበትም አለ።

የቃለ ጉባኤው ቅጽ ይለወጣል። «ማብራሪያ ተሰጥቷል» የሚለው ሐረግ ከእንግዲህ አይጻፍበትም። በምትኩ ለእያንዳንዱ ነጥብ ምን ተባለ፣ ማን ቦታው ላይ ሄዶ አየው፣ ንድፉ ላይ ምን ተለወጠ፣ ካልተለወጠ ለምን የሚሉ ዓምዶች አሉት። የማፋሰሻ መሐንዲሱ ሳይፈርምበት ሉሁ አይዘጋም። ከዚያም ያው ሉህ ተመልሶ ወደ ቀበሌው ሄዶ ይነበባል። ይኼ ሁለተኛው ጉዞ ነው ያከራከረን፤ «ነዳጁን ማን ይከፍላል» ተባለ። የመጀመሪያውን ስብሰባ በሁለት ሰዓት ከምናሳጥረው ከሌላ የጉዞ በጀት ላይ ይወሰድ ብዬ ተከራክሬ አገኘሁ፤ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ።

ያልተስማማንበት፦ የክፍያ ምዕራፉን መለወጥ በእኛ እጅ አይደለም፤ የአሠሪው ነው። እንጽፋለን።

የሚቀጥለው ሥራችን ማክሰኞ ይጀምራል። አማራጭ መስመሮቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በእርሳስ። የማይለወጠውም ተጽፏል፦ መንገዱ ሁለቱን ከተሞች ያገናኛል፣ ድልድዩ ባለበት ይቆያል። ሌላው ክፍት ነው። ሶሻሎጂስቷ፣ አንቺ ብትሆኚ በምን ትጀምሪ ነበር?

---

ሶሻሎጂስቷ · ዓርብ ማታ 3:40

ማክሰኞ ገበያ ቀን ከሆነ ተወው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወይም የእድሩ የወር ስብሰባ ላይ ሂድ። ሴቶቹን ለብቻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ውሃ በሚቀዱበት አካባቢ። ከመሄድህ በፊት ወረዳ ግብርና ጎራ ብለህ የተፋሰሱን ካርታ ጠይቅ። የልማት ሠራተኛዋንም ይዘሃት ሂድ።

ካርታውን ደግሞ መኪና ላይ አትለጥፈው፤ መሬት ላይ ዘርጋው፣ አራት ድንጋይ ጫንበት፣ ሰዉ ዙሪያውን ይቀመጥ። እርሳሱን አንተ አትያዝ። ከሁሉ በፊት ግን መስመሩን በእግር ሂደው፤ ነሐሴን የሚያውቅ ሽማግሌ ከፊትህ ይሂድ።

---

የዲዛይን ሰው · ዓርብ ማታ 3:52

ማክሰኞ ገበያ ነው። ወደ እሑድ አዛውሬዋለሁ። የማፋሰሻ መሐንዲሱም አብሮኝ ይሄዳል፤ ቡትስ ይዘህ ና ብዬዋለሁ።